ሰው ከምድር ውጭ ሊሰፍር ይችላልን?

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የማኅበራችን የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

በእንዲህ ያሉ ምሽቶች ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ሥራ ፍለጋ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ከዚያ ራቅ ያለ ይመስላል። ይኸውም የሰው ልጅ ከምድር ውጭ፣ በጠፈር ላይ ቤት ሠርቶ፣ እህል ዘርቶ፣ ልጅ አሳድጎ ሊኖር ይችል እንደሆነ ስለሚያጠኑና ይህም እንዲፈጸም ስለሚሟገቱ ሰዎች ነው። «ገና የዚህን አገር ቋንቋ ሳንለምድ የጨረቃ ነገር ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ይህን ርዕስ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ምክንያት ልጆቻችሁ ናቸው። ትምህርት ቤት ስለ ሮኬት፣ ስለ ጨረቃና ስለ ማርስ ሰምተው ይመጡና ማታ ይጠይቋችኋል። ወላጅ ዝም ባለ ቁጥር ልጁ «አባቴና እናቴ ይህን አያውቁም» ብሎ ጥያቄውን ወደ ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የሰማዩ ሀብት የማን እንደሚሆን የሚወስነው ደንብ ገና በመጻፍ ላይ መሆኑ ነው። በዚህ ሙግት ውስጥ እንደኛ ያሉ ትናንሽ ማኅበሮች ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ስለሆነም ነገሩ የሊቃውንትና የመንግሥታት ብቻ አይደለም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡን የጀመሩት እነማን ናቸው?

ስለዚህ ጉዳይ ቀድመው በስሌት ከጻፉት ሰዎች ዋነኛው ባለጸጋም ጄኔራልም አልነበረም። ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ የሚባል፣ በሩሲያ አገር ካሉጋ በምትባል ከተማ የሚኖር አስተማሪ ነበር። በልጅነቱ በታመመው በሽታ ጆሮው ስለ ተጎዳ እንደ እኩዮቹ ትምህርት ቤት ተቀምጦ ለመማር አልቻለም። በመሆኑም ሞስኮ ሄዶ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1903 ሮኬት ምን ያህል ነዳጅ ቢያቃጥል ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያገኝ የሚያሳየውን ስሌት አሳተመ። ዛሬም የሮኬት መሐንዲሶች በዚሁ ስሌት ይሠራሉ። ጽዮልኮቭስኪ ከዚህም አልፎ ሰዎች በጠፈር ላይ በፀሐይ ብርሃን አትክልት እያበቀሉ፣ አትክልቱም አየራቸውን እያጸዳላቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ ጽፏል። ይህ ሰው የሞተው በ1935 ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተላከችው ደግሞ በ1957 ስለሆነ የዘራውን ሲታጨድ በዓይኑ አላየም።

ሁለተኛው ሰው ጄራርድ ኦኒል ይባላል፤ በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። በ1969፣ ማለትም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን በረገጠበት ዓመት፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው። ጥያቄውም እየበዛና በኢንዱስትሪ እያደገ ለሚሄድ የሰው ልጅ ትክክለኛው መኖሪያ የግድ የአንድ ዓለም ገጽ ነውን? የሚል ነበር። ተማሪዎቹና እርሱ አብረው ሲያሰሉ፣ መልሱ «የግድ አይደለም» ወደሚለው አደላ። ኦኒል ይህንን ጽፎ ለማሳተም ዓመታት ፈጅቶበታል። በመጨረሻ ጽሑፉ የወጣው በ1974 ነው።

ኦኒል ያሰበው ቤት በጨረቃ ወይም በማርስ ላይ የሚሠራ ሳይሆን በባዶው ጠፈር ውስጥ የሚንሳፈፍ ነው። በ1975 የበጋ ወራት የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ የሳይንስ ሰዎችንና መሐንዲሶችን ካሊፎርኒያ ላይ ሰብስቦ ይህን ሐሳብ አስጠና። ያወጡት ፕላን የመኪና ጎማ የመሰለ ትልቅ ቀለበት ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በውስጡም 10,000 ሰው የሚኖርበት ነው። ቀለበቱ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ይሽከረከራል።

ለምን ይሽከረከራል? ውሃ የሞላበት ባልዲ በገመድ ይዛችሁ በፍጥነት ብታሽከረክሩት ባልዲው በራሳችሁ ላይ ሲያልፍ እንኳ ውሃው አይፈስም፤ ወደ ባልዲው ግርጌ ይጫናል። በቀለበቱ ውስጥ ያለ ሰውም እንደዚሁ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ስለሚጫን፣ ያ ግድግዳ ወለል ይሆንለታል፤ እንደ ምድርም ቆሞ ይሄዳል። ይህ ለምቾት ብቻ የታሰበ አይደለም። ክብደት በሌለበት ቦታ የሚቆይ ሰው አካሉን ከሚሸከሙት አጥንቶች በየወሩ አንድ በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ ነው በአሁኑ ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ያሉት ጠፈርተኞች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል የሰውነት ማጠንከሪያ የሚሠሩት። ቤተሰብ ይዞ ለሚሰፍር ሰው ግን በሁለት ሰዓት ስፖርት የሚኖር ኑሮ አይበቃም።

የዚህ ሁሉ ግንባታ ዕቃ ከየት ይመጣል? ከምድር በሮኬት ማመላለስ ወጪው አይቻልም። ኦኒል ያሰበው ከጨረቃ ለማምጣት ነው። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ ነፋስና አየርም የላትም። በመሆኑም አፈሩን በኤሌክትሪክ ማግኔት ኃይል እያፈናጠረ ወደ ላይ የሚልክ መሣሪያ ቢተከል ሮኬት ሳያስፈልግ ሊወረወር ይችላል። በአጭሩ፣ እረኛ በወንጭፍ ድንጋይ እንደሚወረውር ማለት ነው። በ1977 ከተማሪዎች ጋር ሆነው የዚህን ወንጭፍ የመጀመሪያ ናሙና ሠርተው አሳዩ። የጨረቃ አፈር ደግሞ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ የቀረው ሲሊከን፣ ብረት፣ አሉሚንየምና ሌላም ማዕድን ነው። ስለሆነም አፈሩ ለግድግዳም ለትንፋሽም ይውላል ማለት ነው። ከፀሐይና ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ጎጂ ጨረር ለመከላከልም ሁለት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አፈር ዙሪያውን እንዲለብስ ታቅዶ ነበር።

ይህ ቀለበት እስከ ዛሬ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከተረት ወጥቶ በቁጥር የሚመረመር ጉዳይ የሆነው በዚያን ጊዜ ነው።

ማኅበሮቹ

አሁን ለእኛ ቀረብ ወዳለው ነገር ልምጣ። በ1975 በአሪዞና ክፍለ ሀገር፣ ቱሳን በምትባል ከተማ፣ ኪዝና ካሮሊን ሄንሰን የተባሉ ባልና ሚስት «ኤል-5» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ የተወሰደው ከምድርም ከጨረቃም እኩል ርቀት ላይ ከሚገኝ አንድ የጠፈር ስፍራ ነው፤ በዚያ ስፍራ የተቀመጠ ነገር ሳይንሸራተት ለመቆየት ይቀለዋል። ማኅበሩ ዓላማውን ሲገልጽ የመጨረሻው ሥራችን በዚያው በጠፈር ስፍራ ጠቅላላ ስብሰባ አድርገን ማኅበሩን ማፍረስ ነው ይል ነበር። ነገሩ ቀልድ አለበት፤ ግን ማኅበር ለምን እንደሚቋቋም ጥሩ አድርጎ ይገልጻል። ማኅበር የሚቋቋመው ጉዳዩ እስኪፈጸም ነው።

በ1977 ደግሞ ኦኒል በፕሪንስተን አንድ የጥናት ተቋም መሠረተ። የጠፈር ጥናት ኢንስቲትዩት የሚባለው ይህ ተቋም በመንግሥት በጀት ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ብዙ ተራ ሰዎች ከየኪሳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው የተንቀሳቀሰው። ከአባላቱ የተሰበሰበው መዋጮ ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን የማግኔት ወንጭፍ ለማሻሻልና የጨረቃን አፈር ከማዕድኑ የመለየት ዘዴ ለመመርመር ዋለ። ኦኒል በ1992 ዓረፈ። የኤል-5 ማኅበር ደግሞ በ1987 ከሌላ ተመሳሳይ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ብሔራዊ የጠፈር ማኅበር የሚል ስም ያዘ።

እነዚህ ማኅበሮች ያደረጉት ሥራ እኛ ከምናውቀው የማኅበር ሥራ እምብዛም አይለይም። መጽሔት ያትማሉ፤ ስብሰባ ይጠራሉ፤ ለሕዝብ እንደራሴዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ወጣቶችን ያስተምራሉ። እንደማንኛውም ማኅበር በመካከላቸው ክርክር ነበር። ሥራው ግን አልቆመም።

አየሩ፣ ውሃውና እህሉ

ሰው ወደ አዲስ ስፍራ ሲሄድ መጀመሪያ የሚታየው ማጓጓዣው ነው። አውሮፕላኑ ግን የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ ኑሮው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ እንደሆነ እናንተ ከማንም በተሻለ ታውቃላችሁ። በጠፈር ጉዳይም ሮኬቱ ብዙ ይወራለታል፤ ከባዱ ጥያቄ ግን ከደረሱ በኋላ ምን ይተነፍሳሉ? ምን ይጠጣሉ? ምን ይበላሉ? የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር የተደረገውን ትልቅ ሙከራ ልንገራችሁ። በዚያው በአሪዞና «ባዮስፊር 2» የሚባል ዙሪያውን በመስተዋት የተዘጋ ቤት ተሠራ። ስፋቱ ከ1.2 ሄክታር በላይ ሲሆን፣ በውስጡ ትንሽ ጫካ፣ ትንሽ ባሕር፣ የእርሻ ቦታና የቤት እንስሳት ነበሩበት። ከሴፕቴምበር 1991 እስከ ሴፕቴምበር 1993 ድረስ ስምንት ወንዶችና ሴቶች ሁለት ዓመት ሙሉ በውስጡ ተዘግተው ኖሩ። እህላቸውን ራሳቸው አረሱ፤ ውሃቸውን መልሰው አጣሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አየሩ መክሳት ጀመረ። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ይህ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደመኖር ነው። ስሜን ተራራን የወጣ ሰው ድካሙን ያውቀዋል፤ እነርሱ ግን በዚያ ላይ በየቀኑ ማረስና መቆፈር ነበረባቸው። በመጨረሻም ከውጭ ኦክስጅን እንዲገባላቸው ግድ ሆነ።

ኦክስጅኑን ምን በላው? ምክንያቱ በኋላ ሲመረመር ከእግራቸው በታች ተገኘ። ለእርሻው ሲባል የገባው አፈር እጅግ የፋፋ፣ ብስባሽ የበዛበት ነበር። በአፈሩ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ያንን ሲያብላሉ ኦክስጅኑን ተነፈሱትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጡ። ያን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዕፅዋቱ ተቀብለው ወደ ኦክስጅን ሊመልሱት ሲገባ፣ የሕንጻው ሲሚንቶ ከፊሉን እየመጠጠ አስቀረው። እንግዲህ ይህን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበትን ሥራ ያሰናከለው ጥሩ አፈርና አዲስ ሲሚንቶ ነው። ከዚህም ሌላ አበባ የሚያዳቅሉ ነፍሳት ሲያልቁ ጉንዳንና በረሮ በዙ። ስምንቱ ሰዎችም በአሠራር ጉዳይ ስላልተስማሙ አራት በአራት ሆነው ተከፋፈሉ። ሆኖም ተጣልተንም ቢሆን ሥራችንን አንተውም ብለው ሁለቱን ዓመት ፈጸሙ።

ብዙ ጋዜጦች በዚያን ጊዜ «ሙከራው ከሸፈ» ብለው ጻፉ። ነገር ግን ለሳይንስ ይህን ያህል የሚያስተምር ውጤት በቀላሉ አይገኝም። ምድር በነጻ የምትሠራልንን ሥራ፣ ማለትም አየር ማጽዳትን፣ ውሃ ማጣራትን፣ አፈር ማደስን፣ ሰው ራሱ ልሥራው ሲል ምን ያህል እንደሚከብድ በግልጽ አሳይቷል።

ሌሎችም ሞክረዋል። በሶቪየት ኅብረት ዘመን በሳይቤሪያ፣ ክራስኖያርስክ ከተማ፣ «ባዮስ-3» በተባለ ዝግ ቤት ውስጥ ከ1972 እስከ 1973 ድረስ የ180 ቀን ሙከራ ተደርጓል። በቻይና ዋና ከተማ በቤጂንግ የዩኒቨርሲቲ በጎ ፈቃደኞች አራት አራት እየሆኑ በመፈራረቅ ከ2017 እስከ 2018 ድረስ 370 ቀን በዝግ ቤት ኖረዋል። በአሜሪካም በሂዩስተን ከተማ አራት ሰዎች የማርስ ቤት ተብሎ በተሠራ ግቢ ውስጥ ከጁን 2023 እስከ ጁላይ 2024 ድረስ 378 ቀን ቆይተዋል። በእውነተኛው ጠፈር ደግሞ ከኖቬምበር 2000 ወዲህ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ላይ ሰው ያልኖረበት አንድ ቀን የለም። በ2015 በዚያ የበቀለ ሰላጣ በልተዋል። በ2023 ደግሞ ናሳ እንዳስታወቀው ላብንና ሽንትን ጭምር እያጣሩ ከሚጠቀሙበት ውሃ 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት ተችሏል። ምግባቸው ግን አሁንም ከምድር በጭነት ይላካል። በጠፈር ላይ የተወለደ ልጅም የለም።

እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «በቅርቡ ሺህ ሰው በማርስ ላይ ይሰፍራል» ቢላችሁ አፋችሁን ከፍታችሁ አትስሙት፤ «እብደት ነው» ብላችሁም አትሳቁበት። «አየሩን ማን ያጸዳዋል?» ብላችሁ ጠይቁት።

የወል መሬት ሙግት

ከአየርና ከውሃ ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ1967 መንግሥታት በተስማሙበት ውል መሠረት የትኛውም አገር ጨረቃን ወይም ሌላውን የሰማይ አካል የራሴ ግዛት ነው ሊል አይችልም። ነገር ግን ከዚያ ቆፍሮ የሚወጣው ማዕድን የማን ይሆናል? ውሉ በዚህ ነገር ላይ ግልጽ አልነበረም።

በ1979 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጨረቃ ውል የሚባለውን አጸደቀ። ይህ ውል የጨረቃ ሀብት የሰው ልጅ ሁሉ የወል ቅርስ ነው፤ ማዕድን የማውጣቱ ሥራ ሲቃረብ ዓለም አቀፍ አስተዳደር ይቋቋምለት ይላል። የኤል-5 ማኅበር ይህን ውል ተቃወመ። አባላቱ ወደ ዋሽንግተን ደብዳቤ ላኩ፤ ማኅበሩም ከመዋጮው ከፍሎ በሕግ አውጪዎች ዘንድ የሚከራከርለት የሕግ ባለሙያ ቀጠረ። ውሉን የተቃወሙ ሌሎችም ነበሩ፤ ሆኖም የዚህች ትንሽ ማኅበር ጩኸት በሴኔቱ ተሰማ። አሜሪካ ውሉን ሳትፈርም ቀረች። እስከ ዛሬ ውሉን ያጸደቁት አገሮች ከ20 ያነሱ ናቸው። በራሳቸው መንኮራኩር ሰው ወደ ጠፈር ከላኩት ከሦስቱ አገሮች ከአሜሪካ፣ ከሩሲያና ከቻይና አንዳቸውም የሉበትም።

ማን ትክክል ነበር? በገጠር ያደጋችሁ የወል ግጦሽን ነገር ታውቃላችሁ። ማንም እንዳያርሰው የተከለከለ የወል መሬት ለዘላለም ጦሙን ሊያድር ይችላል፤ የኤል-5 ሰዎች የፈሩት ይህን ነው። «ደክሞ የሚያቀና ሰው የድካሙን ዋጋ ካላገኘ ማን ይሄዳል?» ይላሉ። በሌላ በኩል ጠባቂና ዳኛ የሌለው የወል መሬት ብዙ በሬ ባለው ሰው ይጠቀለላል። ውሉን የደገፉት ታዳጊ አገሮች የፈሩት ደግሞ ይህን ነው። «ሀብታሞቹ ቀድመው ደርሰው ካጠሩት በኋላ እኛ ስንደርስ ምን እናገኛለን?» አሉ። ሁለቱም ፍርሃት እውነት አለው።

ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። በ2015 አሜሪካ ዜጎቿ ከጠፈር ያወጡትን ማዕድን በባለቤትነት እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በ2020 ደግሞ የአርጤምስ ስምምነት የተባለው መመሪያ ወጣ፤ እስራኤል በጃንዋሪ 2022 ፈርማለች፤ እስከ አሁንም ከ50 በላይ አገሮች ፈርመዋል። ሩሲያና ቻይና ግን አልፈረሙም። በጨረቃ ዋልታዎች አካባቢ በጥላ ውስጥ በረዶ መኖሩን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ተገኝተዋል። ናሳ በ2009 አንድ መሣሪያ ሆን ብሎ በዚያ እንዲከሰከስ አድርጎ በተነሣው አቧራ ውስጥ ውሃ አግኝቷል። ውሃ ለመጠጥም ለትንፋሽም ለሮኬት ነዳጅም ስለሚሆን፣ ከነገ ሙግት ዋነኛው በዚያ ውሃ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ አገርና በኢትዮጵያ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እዚህ በደቡብ፣ በሚጽፔ ራሞን፣ ማኽቴሽ ራሞን የሚባለው ትልቅ ሸለቆ አለ። ድንጋዩና ደረቅነቱ ማርስን ስለሚመስል፣ በኦክቶበር 2021 የኦስትሪያና የእስራኤል ማኅበሮች በመተባበር ስድስት ሰዎችን የጠፈር ልብስ አልብሰው በዚያ እንዲኖሩና እንዲሠሩ አድርገዋል። አንደኛው እስራኤላዊ ነበር።

«በሬሺት» የተባለችው መንኮራኩር ከሦስት ወጣት መሐንዲሶች ሐሳብ የተነሣች ናት። ትርፍ የማያገኝ ማኅበር አቋቁመው፣ አብዛኛውን ገንዘብ ከለጋሾች አሰባስበው፣ በፌብሩዋሪ 2019 ወደ ጨረቃ ላኳት። ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ለማረፍ ስትሞክር ሞተሯ ተቋርጦ ተከሰከሰች። ቢሆንም እስከ ጨረቃ ዙሪያ ደርሳለች። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሠሯቸው ስምንት ትናንሽ ሳተላይቶች አንድ ላይ ወደ ጠፈር ተልከዋል። ከሠሪዎቹ መካከል የይሩሃምና የኦፋቂም ልጆች ይገኙባቸዋል። ይሩሃምና ኦፋቂም የት እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ዘመድ አለን።

በኢትዮጵያም በ2004 የስፔስ ሳይንስ ማኅበር ተቋቁሟል። ድሀ አገር የሰማይ ጥናት ምን ያደርግላታል? የሚለውን ጥያቄ ተቋቁሞ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ትላልቅ ቴሌስኮፖች እንዲተከሉ አስችሏል። በዲሴምበር 2019 ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። ይህ የሰፈራ ጉዳይ ባይሆንም፣ ዝናብንና እርሻን ከላይ ሆኖ ለመከታተል የሚጠቅም ሥራ ነው።

ለሚነሡት ጥያቄዎች

ሽማግሌዎቻችን ሁለት ጥያቄ እንደሚያነሡ አውቃለሁ። አንደኛው «ሰማይ የፈጣሪ ድርሻ ነው፤ ሰው ምን አስገባው?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ቄሶቻችን አሉ። የሙከራዎቹን ውጤት ያየ ሰው ግን ትዕቢት ሳይሆን ትሕትና እንደሚማር ልናገር እችላለሁ። ስምንት ሰዎችን ለሁለት ዓመት በትክክል ማስተንፈስ ያቃተው ጥበብ፣ ምድርን የበለጠ እንድናከብር ያደርገናል።

ሁለተኛው «በምድር ላይ ስንት ራብተኛ እያለ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በአሜሪካም በአውሮፓም የሚጠይቁት አሉ። ተሟጋቾቹ የሚሰጡት መልስ ለጠፈር ተብሎ የተጠናው ውሃ ማጣራት፣ የፀሐይ ኃይልና የሳተላይት አገልግሎት ለምድር ይውላል የሚል ነው። ይህ መልስ ለአንዳንዱ ወጪ ይሠራል፤ ለሁሉም አይሠራም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወጪ ለይቶ መጠየቅ የግብር ከፋዩ መብት ነው። እናንተም ከእንግዲህ የዚህ አገር ግብር ከፋዮች ናችሁ።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

ልጃችሁ ስለ ጠፈር ሲያወራ አታቋርጡት። በአማርኛ ይንገራችሁ። አማርኛው ሲጎድልበት እናንተ ሙሉለት፤ ዕብራይስጡ ሲጎድላችሁ እርሱ ይሙላላችሁ። የሚከተሉትንም ጠይቁት፤ አየሩን ምን ያጸዳዋል? ውሃው ከየት ይመጣል? እህሉ በምን አፈር ይበቅላል? ሰዎች ሲጣሉ ማን ይዳኛቸዋል? የወጣውስ ሀብት የማን ነው? መልሱን እናንተ አስቀድማችሁ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። አፈር፣ ውሃና ሽምግልና የምታውቁት ነገር ነው፤ ጥያቄውን ለማንሣት ይበቃችኋል።

በማትናስ የሳይንስ ሑግ መኖሩን ጠይቁ፤ ክፍያው ከከበዳችሁ ቅናሽ ስለመኖሩ ሳታፍሩ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ የሂሳብ ትምህርቱን ተከታተሉ። ለባግሩት ፈተና ሂሳብ በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት ዬሒዶት ይሰጣል። ልጁ በየትኛው እንደተመደበ የምታውቁት አስተማሪውን ስትጠይቁ ነው። በሦስቱ ላይ የቀረ ልጅ ወደ ምሕንድስናና ወደ ሳይንስ የሚወስደው መንገድ ይጠብበታል። «ልጄ ለምን እዚህ ተመደበ? ከፍ ለማለት ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ትልቁን ልጅ ለትንሹ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

ወገኖቼ፣ በጠፈር ላይ ሰፈራ ይኑር አይኑር የሚወስነው ምናልባት የልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው። ሕጉ የሚጻፈው፣ ጥናቱም የሚጠናው ግን አሁን ነው። ጆሮው የተጎዳ አስተማሪ፣ አንድ ባልና ሚስት፣ ሦስት ወጣት መሐንዲሶች በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ሰምታችኋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚቀመጡት መካከል ከእናንተ ቤት የወጣ ልጅ ሊኖር ይገባል። ልጁም ሲቀመጥ የወል መሬት ምን እንደሆነ ከእናንተ ሰምቶ ያደገ ይሁን።